ከግድግዳው በኩል ያለው ውሃ

ጥቅምት 6
ብርድ። የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሷል። የውሃ ፋብሪካውን ስቶር ከፍቼ ጸለይኩ፣ እንደ ሁልጊዜው። ሰሎሜ ከመንግሥት ቢሮ መጣች፣ የታሸገውን ውሃ ለምርመራ ልትወስድ። ከጎጃም ተመድባ የመጣች ልጅ ናት፤ ለአሰላ ብርድ የሚሆን ጃኬት እንኳ አልገዛችም።
"ጋሼ አሳምነው፣ እርስዎ ያውጡልኝ። በጸሎተኛ እጅ አምናለሁ።"
ሁሌም እንዲህ ትላለች። ከግድግዳው በኩል ካለው ክምር አውጥቼ ሰጠኋት። ከበሩ በኩል ያለው ለገበያ ነው። የግድግዳው ቀድሞ የተመረተው ነው፣ ለምርመራ እሱ ይሰጣል፣ ደንብ ነው ብሎኛል አለቃዬ ፊሊጶስ። ደንብ ከሆነ እኔ ምን አለኝ?

ጥቅምት 9
ልጄ ሄኒ ሮቤ ላይ ወለደች! ወንድ። ሚስቴ ወርቅቱ ብታይ... የልጅ ልጅ እንዳማራት ነው የሄደችው።
የጡቷ ወተት አልወርድ ብሎ ሕፃኑን በውሃ በሚበጠበጥ የጣሳ ወተት ይዘውታል። ለፊሊጶስ ነገርኩት። የፋብሪካው ባለቤት ነው፣ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ። የሚስቴን ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ። አቅፎኝ እዚያው ቆሞ ጸለየ። "የልጅ ልጃችንማ የቧንቧ ውሃ አይጠጣም!" ብሎ ከበሩ በኩል ሁለት ፓክ በገዛ እጁ አነሳ። መናኸሪያ ድረስ በመኪናው ወስዶ የሮቤ ሚኒባስ ላይ ጫነልኝ። አለቀስኩ፣ ሳያየኝ።

ጥቅምት 15
ሄኒ ደወለች። ሕፃኑን ተቅማጥ ይዞታል። ሆስፒታል ናቸው። ጌታ ሆይ...

ጥቅምት 16
ማሽን ላይ ለሚሠራው ለቦንሳ ስለ ሕፃኑ ነገርኩት። ውሃ መላኬን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።
"ከየትኛው ነው የላኩት፣ ኦቦ አሳምነው?"
"ከበሩ።"
"ዋይ! ከግድግዳው አይልኩም?"
"ምን ልዩነት አለው?"
የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። "እርስዎ እኮ የስቶሩ አለቃ ነዎት! ጀርም የሚገድለው መብራት ከተቃጠለ ስንት ጊዜው! የበሩ የእኛ ነው። የግድግዳውን ከሌላ ፋብሪካ ገዝተን የጠርሙሱን ወረቀት ነው የቀየርንለት። ለተቆጣጣሪና ለአለቃ ቤት።"
ለአለቃ ቤት... እውነት ነው። ሹፌሩ ለፊሊጶስ ቤት የሚጭነው ሁሌ ከግድግዳው ነው። እኔ ራሴ አሸክሜዋለሁ። የቆየውን፣ የማይሸጠውን ነው የሚጠጣው እያልኩ ትሕትናውን አደንቅ ነበር!
ታዲያ ለልጅ ልጄ የቱን እንዳነሳ ያውቃል? ጌታ ሆይ፣ አያውቅም በለኝ።

ጥቅምት 18
ጠየቅኩት። "ፊሊጶስ፣ ለምን ከበሩ አነሳህ?"
"የቀረበኝን ነው ያነሳሁት። አላሰብኩትም፣ አሳምነው።"
መብራቱ ታዟል አለ። እስኪመጣ ሠራተኛው ይራብ ወይ አለ። "እንጸልይበት" ብሎ እጄን ያዘኝ። እሱ ጸለየ። እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ወርቅቱ ስትሞት ባጽናናኝ በዚያው ድምፅ ነው የጸለየው።
አላሰብኩትም። ቢጠላኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 21
ሕፃኑ ተሽሎታል። ጉሉኮሱን ነቀሉለት። ተመስገን።

ኅዳር 5
ሰሎሜ መጣች። "ጋሼ፣ ያውጡልኝ።" ፊሊጶስ በር ላይ ቆሞ ያየኛል።
"ከእኔ እጅ አትቀበይ፣ ልጄ። ራስሽ ምረጪ። ከበሩም፣ ከግድግዳውም።"
"ምነው ጋሼ፣ ጸሎት ተዉ እንዴ?" ብላ ሳቀች። አልሳቅኩም። ትክ ብላ አየችኝና ከሁለቱም ወሰደች።
እስከ ዛሬ በጸሎቴ የሸፈንኩት ምን ነበር?

ኅዳር 14
የግድግዳው አለፈ፣ የበሩ ወደቀ። ፋብሪካው ታሸገ። ቦንሳ መንገድ ላይ አገኘኝ። "እንጀራችንን ዘጉት፣ ኦቦ" ብሎኝ አለፈ። ምን ልበለው? የእኔም እንጀራ ነው።

ኅዳር 20
ፊሊጶስ ቤቴ መጣ። ይቅርታ ሊጠይቅ ይሁን ሊወቅሰኝ አልገባኝም፤ ለእሱም የገባው አልመሰለኝም። ለቅሶዬን ሲደርስ የተቀመጠባት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ውሃ አቀረብኩለት። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው።
"ከየት ነው?"
ስንት ዘመን በዚህ ቤት በልቷል፣ ጠጥቷል... ጠይቆ አያውቅም።
"የቧንቧ ነው። ጠዋት አፍልቼዋለሁ።"
መልሶ አስቀመጠው። ስለ ብርዱ አወራን። ሲወጣ ብርጭቆው እንደሞላ ነበር።
እኔ ጠጣሁት።