የወይዘሮ ወለተ ሰንበት የወረፋ ድንጋይ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ አሳምነው፣ የሕዝብ ማመላለሻ ማኅበራችን ሥራ አስኪያጅ
ሰቆጣ

ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን ጠዋት ከሰቆጣ ወደ ወልድያ የተነሳው አውቶቡስ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት የተባሉ የአበርገሌ እናትን በሩ ላይ ትቶ ሄዷል።

ይህን ካስቀደምኩ በኋላ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በአምስት ወር ውስጥ «ወረፋን ዜሮ ያደረገው» የስልክ ትኬት አሠራርዎም ደኅና እንድትሆኑ እመኛለሁ። ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ የወረፋ ድንጋዮቻችንን ከመናኸሪያው ስላስነሱልን አመሰግናለሁ። ቀድሞ ተጓዥ በዋዜማው ድንጋዩን ከትኬት መስኮቱ ፊት አስቀምጦ ይሄድ ነበር፤ ማንም የማንንም አያነሳም። ኔትወርክ ሲጠፋም ድንጋዩ እዚያው ነበር።

ሁለተኛ፣ ለእኚህ እናት ስለተደረገው መስተንግዶ አመሰግናለሁ። ወልድያ ላይ በተዘጋጀው ነጻ ሕክምና የዓይን ሞራቸውን ሊያስወግዱ፣ ሰው እየመራቸው ሁለት ቀን በእግር ተጉዘው ሰኞ ጠዋት ደረሱ፤ እንደ ልማዳቸውም ድንጋይ አስቀመጡ። ጥበቃዎ አነሳው። ስልክ የለኝም ሲሉ ሠራተኛዎ በትህትና የዘመድ ቁጥር ጠየቃቸው፤ የልጃቸውን የዝናቡን ሰጡ። «በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ያረጋግጡ» የሚለው መልእክትም ኔትወርክ በማይደርስበት ቆላ ከብት ለሚጠብቀው ዝናቡ ተላከ። ሠላሳ ደቂቃው አለፈ፤ ወንበሩ ተለቀቀ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። የተለቀቀውን ወንበር የያዝኩት እኔ ነኝ። ቤቴ ተቀምጬ ስልኬ «አምስት ቁጥር ወንበር ተገኝቷል» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነካሁት። የምሄደው የላፕቶፕ ቻርጀር ልገዛ ነበር። ማክሰኞ በሩ ላይ ወንበሩ የእሳቸው እንደነበር ስሰማ ልልቀቅላቸው ብዬ ጠየቅሁ፤ ረዳቱ ትኬቱ በስም ስለሆነ ሲስተሙ አይቀበልም አለኝ። ሁለተኛ አልጠየቅሁም። የመጀመሪያውንም የጠየቅሁት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር። እሳቸው ግን ከበሩ ገለል ብለው፣ «ግባ የኔ ልጅ፣ ስምህ ተጠርቷል» አሉኝ። ገባሁ።

አራተኛ፣ አሠራሩ ሲመረቅ «የሰቆጣ ተጓዥ እንግልት አበቃ» ብዬ የጻፍኩትን ዜና በመስተዋት አድርገው ቢሮዎ ግድግዳ ላይ ስለሰቀሉልኝ አመሰግናለሁ። ያን ዕለት ያነጋገርኳቸው ስምንት ተጓዦች ሁሉ ስልክ ይዘው ነበር፤ ስልክ የሌለውን አልፈለግሁም። እባክዎ ያውርዱልኝ።

ከየአውቶቡሱ ስድስት ወንበር በመስኮት፣ በእጅ በተጻፈ ትኬት ይሸጥ የሚለው የተጓዦች ጥያቄ ለቦርድዎ መቅረቡን ሰምቻለሁ። ሐኪሞቹ የቀራቸው አንድ ዙር ብቻ ነው፤ ሐሙስ ጥቅምት 27። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚመለሱ አልተነገረም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣

ስሙ የተጠራለት ደንበኛዎ
ምስጋናው ወንዳወቅ፣ ጋዜጠኛ

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት እዚሁ ሰቆጣ ዘመድ ቤት ናቸው። ድንጋያቸውን ከመናኸሪያው አጥር ሥር አግኝቼ ከቢሮዎ ደጃፍ አስቀምጬዋለሁ፤ ሲገቡ እንዳያደናቅፍዎ። የረቡዕ ጥቅምት 26ን አውቶቡስ ይጠብቃል። ቦርዱ የሚሰበሰበው ሰኞ ጥቅምት 24 ነው።