ለማትሰማዋ ልጅ

እትዬ፣
ደክሞሽ ተኝተሽ ነበርና አልቀሰቀስኩሽም።

ሙሽራዋ ለቀሚሷ ትመጣለች፤ ጫፉን ጨርሻለሁ፣ ስጪያት።
ሻንጣሽን ሳልጠይቅሽ ወስጃለሁ። ይቅር በይኝ።

ከልጄ ጋር ወደ ክረምቱ የሙዚቃ ካምፕ ሄደናል። ትንንሾቹን ያለ እናት አይቀበሉም። ሁለት ሳምንት ነው። ሐኪሙ ያለውን አልረሳሁም፤ ዓመት ሳይሞላ ጆሮዋ ጨርሶ ይዘጋል። ቫዮሊን እንደማያድናት አውቃለሁ። አገጯን እንጨቱ ላይ ስታሳርፍ ግን ንዝረቱ አጥንቷ ድረስ ይገባና ትስቃለች። የምሄደው ለዚያች ሳቅ ነው።

ማክሰኞ ከኋላዋ ቆመሽ «ለደንቆሮ ሙዚቃ ምን ሊረባት» አልሽኝ። አትሰማም ብለሽ ነው፣ ይገባኛል።
ያችኑ ቃል ግን ሰማች።
ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «ደንቆሮ ማናት?» ብላ ስትጠይቀኝ ጨነቀኝና የጎረቤት ልጅ ናት፣ ጆሮዋ አይሰማም ብዬ ዋሸኋት።

ስንመለስ ፊት ለፊቷ ሆነሽ አናግሪያት። ከኋላ አይሆንም።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ከረሜላ እንዳትበዪው። ከድርሻዋ ቀንሳ «እትዬ ለዚያች ለማትሰማዋ ልጅ ትስጥልኝ» ብላ ያስቀመጠችው ነው።
ለማን እንደምትሰጪው እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።