መርዶ ያልደረሰው እንግሊዛዊ

የሺዬ፣

እንደምን ከረምሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እስክሪብቶዬን ካነሣሁ በኋላ ለአንቺ እንደማይባል ትዝ አለኝና ተውኩት። ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ነው። ሰፈራችን ፍሌሚንግደን ፓርክ እንደተውሽው ነው ብልሽ ውሸት ይሆናል፤ የሕንፃችን አሳንሰር ተጠግኗል። ሳምራዊት ግራጫ ካፖርትሽን ለብሳ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ የልጃችን ክንድ ረዝሞ እጅጌው ልኳ ሆኗል። እኔ ያው ታክሲዬን እነዳለሁ። ካሴትሽ አሁንም ታክሲው ውስጥ ነው። ልጥለው ስንት ጊዜ አውጥቼ መልሼ ከተትኩት። ተሳፋሪዎች ድምፁን ሲያደንቁ ሬዲዮ ነው እላቸዋለሁ።

የማን ካሴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስሙን አልጽፈውም፤ አንቺ ለሁለታችንም የሚበቃ ጠርተሽዋል።

ነገሩ የጀመረው መሀል ከተማ ካለው ቴአትር ቤት የልብስ ክፍል የተቀጠርሽ ጊዜ ነው። ያ እንግሊዛዊ ተዋናይና ዘፋኝ ከለንደን መጥቶ ሁለት ዓመት እዚያ መድረክ ላይ ሲዘፍን፣ ሸሚዞቹን የምትሰፊውም የምትተኩሺውም አንቺ ነበርሽ። የሰውየውን ሕይወት ከዳር እስከ ዳር አጠናሽው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ መሆኑን፣ በልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን መዘመሩን፣ ለንደን ሄዶ በመጀመሪያው ቴአትር ትሪ ይዞ ከመግባት በቀር አንዲት ቃል እንኳ እንዳልተሰጠው፣ ኋላ በቴሌቪዥን ፖሊስ ሆኖ መታወቁን፣ ዘፈን ያለበት ትልቅ ቴአትር እጁ ሲገባ ደግሞ ድምፁ ተዘግቶ አንድ ዓመት ቤቱ መዋሉን። ያንን ዓመት ስታወሪ እንባሽ ይመጣ ነበር። የሥራ ዘመኑን እንደ ጻድቅ ገድል ስትተርኪው እኔ እራቴን እየበላሁ እሰማለሁ። እኔም እኮ ገድል ነበረኝ። በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ከፊት ቆሜ የዘፈንኩ ሰው ነኝ። እሱን ለሳምራዊት ስትነግሪያት አንድም ቀን አልሰማሁም።

ቀንቻለሁ የሺዬ፤ ዛሬም እቀናለሁ። እሱ ጉንፋን ሲይዘው ዝንጅብል በማር አፍልተሽ በፔርሙስ ትወስጂለታለሽ። እኔ ሳስል ከፋርማሲ ሽሮፕ ገዝተሽ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጪልኛለሽ። ለምን ስልሽ የእሱ ጉሮሮ እንጀራው ነው፣ ታክሲ በጉሮሮ አይነዳም እያልሽ ታሾፊብኛለሽ። ቀልድሽ ነው ብዬ እስቃለሁ።

ዘንድሮ በረዶው ሲቀልጥ ሰውዬው አዲስ ቴአትር ይዞ ተመለሰ። ፓፔ የባቡር ጣቢያ ላይ የተለጠፈውን ፎቶውን ያዩት እትዬ ወርቄ ናቸው። ዳንፎርዝ አካባቢ ያለ ሐዘን ሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ለእሳቸው አይደል፤ ይህ ሰው ተረድቷል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልተረዳም አልኳቸው። ሁለት ዓመት ያለበሰችው ሰው መርዶ ሳይነገረው በአደባባይ ሲዘፍን ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው አሉ። ፈረንጅ ነው ብላቸው፣ ፈረንጅ ሐዘን የለውም ወይ ብለው ተቆጡኝ።

እሺ ያልኩት ለወጉ ብዬ እንዳይመስልሽ። ፊቱን ማየት ፈልጌ ነው። መሞትሽን ሲሰማ እንዴት እንደሚሆን አይቼ ምኑ እንደነበርሽ ማወቅ ፈለግሁ። በጣም ቢደነግጥ እንደምጠላው፣ ባይደነግጥም እንደምጠላው አውቅ ነበር።

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ እኛ ግን ያረፈበትን አናውቅም። ስለዚህ የቀን ትርኢት ባለበት ረቡዕ፣ ተዋንያን በሚገቡበት በጓሮው በር ሄደን ቆምን። እኔ ጥቁር ሱፌን ለብሻለሁ። እትዬ ወርቄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ካርቶን ላይ ያስለጠፍነውን ትልቁን ፎቶሽን ደረታቸው ላይ ይዘዋል። አጠገባችን ሌሎች ሰዎች ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ተሰልፈዋል። እነሱ ለምን እንደቆሙ አላሰብኩም።

መጣ። አርጅቷል የሺዬ፤ ደስ አለኝ። መርዶ ደግሞ ሰው ላይ አይዘረገፍም፤ ዙሪያውን ተሂዶ፣ ልብ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። እኔም እንደ ወጋችን ከሩቅ ጀመርኩ። ባለቤቴ የሺ ትባላለች፣ እዚህ ቤት ሸሚዞችህን ትሰፋልህ ነበር አልኩት። ሞት የሚለው ላይ ሳልደርስ ፊቱ በራ። ስምሽን አጥርቶ ጠራው። ሳቅሽ እስከ መድረኩ ይሰማ እንደነበር፣ እሱ ሲደንስ የሚሆነውን እያስመሰልሽ ሠራተኛውን በሳቅ ትገድዪ እንደነበር አጫወተኝ። አንቺ፣ እኔ ዘንድ አፍሽን በነጠላሽ ሸፍነሽ የምትስቂው። እሱ የሚያወራልኝን የሺ እኔ አላውቃትም።

ይህን እያለ ፎቶሽን ከእትዬ ወርቄ እጅ ወሰደ። እንደ ሌሎቹ ፊርማውን ፈልገን የመጣን መስሎት፣ ለየሺ ከፍቅር ጋር ብሎ ደረትሽ ላይ ፈረመ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ይሄኛው ባለቤቱን አቁሞ አጥሩ ላይ ፈረመ። ከዚያ የሺን ሰላም በልልኝ ብሎኝ ገባ።

እንግሊዝኛ የማይሰሙት እትዬ ወርቄ ሰውዬው እየሳቀ ሲገባ አይተው ክው አሉ። በባቡር ስንመለስ፣ ለመሆኑ አዝኗል ወይ ብለው ጠየቁኝ። የእንግሊዝ ለቅሶ እንዲያ ነው አልኳቸው። አመኑኝ፤ አምላክ ያጽናው አሉ።

ለሙት ዓመትሽ ሌላ ፎቶ ላሳጥብ ነበር። ሳምራዊት እምቢ አለች። እማዬ ይህን ብታይ በደስታ ታብድ ነበር አለችኝ፣ ያው በእንግሊዝኛዋ። እውነቷን ነው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። እስክሪብቶ አንሥቼ ከፊርማው በላይ ስሜን በአማርኛ ጻፍኩበት። የእኔ ጽሕፈት ይተልቃል። ለተዝካርሽ የሚመጣው ዘመድ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነበው የእኔን ነው።

ያን ረቡዕ በሩ ሳይዘጋ ተከትዬ ልጠራው እችል ነበር። እግሬም ተነሥቶ ነበር። አዝኜለት አይደለም የቀረሁት። ሰላም በልልኝ ሲለኝ፣ አንቺ ቤት ተቀምጠሽ እኔን የምትጠብቂ ሆነሽ ታየሽኝ። ለትንሽ ጊዜ እውነት መሰለኝ። ለእሱ ግን ዛሬም እውነት ነው፤ ነገም ሲያስታውስሽ የሆነ ቦታ ሸሚዝ እየተኮሰች ትስቃለች ብሎ ነው። በድምፁም በዝናውም እንደዚህ ቀንቼበት አላውቅም። እሱ በሕይወት ያለች የሺ አለችው፤ እኔ የለችኝም።

ስለዚህ አልነግረውም። እሱ አለች ብሎ ያስታውስሽ፤ አይከብደውም። እኔ የለሽም እያልኩ፣ በየማለዳው ወደ አንቺ ወገን ስዞር አልጋው ባዶ መሆኑን እያየሁ አስታውስሻለሁ፤ እስክከተልሽ ድረስ። በዚህ እንኳ አይበልጠኝም።

ሰላም በልልኝ ብሎኛል። ሳላደርስለት ልቅር ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ይኸው፣ ሰላም ብሎሻል።

ባልሽ ተስፋዬ