ባንክ ቤት ደህና ነህ

ጉለሌ፣ ኅዳር ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ከተለያየን ጀምሮ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያለህበት ቦታ ይበርዳል ወይስ ከቤታችን ይሻላል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ትምህርቴን አላቋረጥኩም። ጣራው በዚያው በምታውቀው በኩል ያፈሳል። መጨረሻ የቆረጥከው ዛፍ ጉቶ አቆጥቁጧል። አጎታችን ለሜሳም ደህና ናቸው፤ ትናንት ወደ ሱሉልታ ተመለሱ።

ስለ ጤናህ የምጠይቀው ለወጉ ብቻ አይደለም። ሰኔ ላይ ቁስቋም ማርያም ከቀበርንህ ወዲህ፣ ወር በገባ ቁጥር አንድ ሰው ጤናህን ይጠይቀኛል። እኔም ደህና ነው እላለሁ። የምጽፍልህ ይህን ለመንገር ነው። የምታውቀውን ጭምር የምደግመው፣ ነገር ከሥሩ ካልተነገረ አይገባም የሚሉት አጎታችን ስላስለመዱኝ ነው።

የወታደር ሕንፃ ለመሥራት ኮንትራት የያዘው ጣሊያን አጣና ሲያዝህ ዋጋውን የምከፍለው ሥራው ሲያልቅ ነው አለ። ቆራጮቹና አህያ ነጂዎቹ ግን ሥራው እስኪያልቅ ሳይበሉ አይቆዩም። ስለዚህ ባንኩ በስምህ ካስቀመጥከው በላይ እንድታወጣ ፈቀደልህ፤ መያዣው ከቁስቋም በላይ ያለው ባሕር ዛፋችን ሆነ። ውሉን በትምህርት ቤት ጣሊያንኛዬ ያነበብኩልህ እኔ ነበርኩ። ባለሂሳቡ በሕይወት እስካለና በየወሩ የሚታሰብበትን እስከከፈለ ድረስ ባንኩ ይታገሣል፤ ከሞተ ወይም ካቋረጠ ዛፉ ይሸጣል ይላል። «ከሞተ» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቅህ። «አይ እነዚህ ሰዎች፣ የረሱት የለም» አልክ።

መጀመሪያ ላይ ክፍያው ያን ያህል አልነበረም። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ከፍ አደረጉት። ከዚያ ማስጠንቀቂያ ጻፉ፤ የማስጠንቀቂያውንም ዋጋ ከነቴምብሩ ዕዳህ ላይ ጨመሩት። አጎታችን ያን ሲሰሙ፣ ሰው ደጄ ድረስ መጥቶ ሰድቦኝ ለበቅሎው ገብስ ቢጠይቀኝ ይኸው ነው ብለው ነበር። ትምህርት ቤት ስለ ወለድ ስንማር መምህሩ የሚሰጡን ምሳሌ ሁሉ ባለዕዳው መጨረሻ ላይ ከፍሎ የሚያልቅ ነው። የአንተ ዓይነት ምሳሌ መጽሐፉ ውስጥ የለም።

የወሩን ክፍያ ለመሙላት ቆራጮቹን አሰናበትክ። ብቻህን መጥረቢያህን ይዘህ ወጣህ። መሬቱ ዝናብ ጠጥቶ ነበር፤ ዛፉ ባላሰብከው በኩል መጣ። ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

በሰልስትህ ዕለት ጎረቤቶች እንደ ደንቡ ራሴን ሊላጩኝ ውሃ አቀረቡ። አጎታችን ምላጩን ከእጃቸው ወሰዱና ራሳቸውን ተላጩበት፤ እኔን ግን ወደ ጓሮ ጠሩኝ። ተቋራጩ ለመስቀል ሳይከፍል አይቀርም፣ እስከዚያ ዛፉ መዳን አለበት አሉ።

«ለባንኩ ሞቱን የሚነግረው ማን ነው? እኛው ነን። እኛ ዝም ካልን አለ ማለት ነው።»

ስለ ፀጉሬ ስጠይቃቸው፣ «ያንተ ራስ ባንክ ይገባል፣ የኔ ራስ አይገባም» አሉኝ።

ስለዚህ ወር በገባ ቁጥር ነጭ ነጠላዬን ለብሼ፣ ፀጉሬን አበጥሬ ወደ አራዳ እወርዳለሁ። የአገሬው ሰው የሚስተናገደው በጎን በኩል ባለችው መስኮት ነው። እዚያ የሚቀመጡት አቶ ዓምሃ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ጸሐፊ ናቸው፤ ከኋላቸው አንድ ጣሊያን አለ። ገንዘቡን ሳቀርብ አቶ ዓምሃ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ወንድምህ እንዴት ነው?» ይሉኛል። እኔ ደህና ነው፣ ለሥራ ገጠር ወጥቷል እላለሁ። እሳቸው ዞር ብለው ያንኑ በጣሊያንኛ ለአለቃቸው ይነግራሉ። እኔ ያላልኩትንም ይጨምራሉ፤ አንድ ጊዜ ትንሽ ወፍረሃል ብለውልሃል። ስምህ በሰፊው መዝገብ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። እኛ ቤት ባለው ዳዊት በቀይ የሚጻፈው የእመቤታችን ስም ነው፤ እዚያ ግን በቀይ የሚጻፈው ባለዕዳ ነው።

ባንክ ቤት ደህና እንድትሆን ሐምሌ ላይ ካፖርትህን ሸጥን። ቀጥሎ ኮርቻውን፣ ቀጥሎ ሳጥንህን። መጥረቢያህን እትዬ ጌጤ ገዙ፤ ገንዘቡን እየሰጡኝ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። አጥር ላጥር ስለሆንን ሁሉን ያያሉ፤ ለምን እንደሆነ ግን አያውቁም፣ አጎታችን ለማንም አትተንፍስ ብለውኛል። አንድ ቀን ወደ አራዳ ስወርድ ከበራቸው ላይ ሆነው ለሌላ ሰው የሚናገሩ አስመስለው፣ «የዘንድሮ ልጅ ወንድሙን ቀብሮ ሙሽራ መስሎ ይወጣል» አሉ። ሰላምታ ሰጥቼ አለፍኩ።

ተዝካርህም አልወጣም። የሚወጣበት ገንዘብ ለባንክ ይሄዳል። የነፍስ አባታችን መጥተው አጎታችንን ሲወቅሱ፣ አጎታችን መሬት መሬቱን እያዩ፣ አባቴ፣ ለእናንተ ሞቷል፣ ለሌሎች ገና ነው አሏቸው። ቄሱ ሐዘን አእምሯቸውን የነካቸው መስሏቸው አጽናንተዋቸው ሄዱ።

መስቀል አለፈ። ጥቅምት ላይ ሁለታችን ተቋራጩን ፍለጋ ሄድን። ሕንፃው አልቆ ወታደር ገብቶበታል። ዘበኛው ተቋራጩ ሥራውን አስረክቦ ወደ አገሩ ተሳፍሯል አለን። አጣናችን ግን እዚያው ነበር፤ ግድግዳው ሲያልቅ ፈተው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ከምረውታል፣ ወጥ ቤቶቹ ይማግዱታል። አጎታችን አንዱን አገላብጠው ጫፉን አዩ፤ የአንተን የመጥረቢያ አቆራረጥ ያውቁታል። መልሰው በቀስታ አስቀመጡት።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ አረፍ ብለን ስለ ቁራኛ አወሩኝ። ድሮ አበዳሪና ተበዳሪ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው አብረው ይውሉ ነበር። ተበዳሪው ሲርበው አበዳሪውም ይርበዋል፣ ዝናቡም ሁለቱን ይመታል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰለቸው አበዳሪው ነበር።

«ይኼ ባንክ ግን የሚደክም ገላ የለው» አሉ። «ተቋጥረን የቀረነው እኛ ብቻ ነን።»

እዚያው ላይ ሐሳባቸውን ነገሩኝ። ጤፉ ደርሷል፤ አጭደው እንደ ጨረሱ አንዱን በሬያቸውን ገበያ ያወጡታል፤ ገንዘቡ ለጥቂት ወራት ክፍያ ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ እግዚአብሔር ያውቃል። ያላቸው በሬ ሁለት ብቻ መሆኑን ታውቃለህ። በአንድ በሬ በምን ያርሳሉ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ጎረቤት አለኝ አሉ። ጎረቤታቸው ያለው ላም ነው።

ትናንት በማለዳ ሲነሡ እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው። ገንዘቡን ይዤ እስክመጣ አደራ፣ እንደለመድከው ደህና ነው እያልክ ቆይ አሉኝ። እሺ አልኩ።

አሁን ደግሞ የዛሬውን ጠዋት ልንገርህ። ስነቃ፣ አጎታችን ስለሄዱ፣ ቤቱ ውስጥ የሚያስል ሰው አልነበረም። ውሃ ቀዳሁና ያልሸጥነውን ምላጭህን አወጣሁ። መስተዋቱ ከሳጥኑ ጋር ስለሄደ በእጄ እየዳበስኩ ራሴን ተላጨሁ፤ ከጆሮዬ በላይ ትንሽ ቆረጠኝ። ፀጉሬን ሰብስቤ ጓሮ ቀበርኩ። ነጩን ነጠላዬን አጥፌ አስቀመጥኩና ከልቅሶው ሰሞን ጀምሮ ያልታጠበውን ጋቢ ለበስኩ። ከዚያ ወደ አራዳ ወረድኩ። ወሩ ገና አልገባም ነበር።

አቶ ዓምሃ ራሴን አዩት። እንዴት ነው ብለው አልጠየቁኝም። ጣሊያኑ ከኋላቸው ስለነበር ወደ መስኮቷ ጠጋ ብለው በዝግታ፣ «ልጄ፣ አስበህበታል? አንዴ ከጻፍኩት አልፍቀውም» አሉኝ።

አስቤበታለሁ አልኳቸው። በሬው ሳይሸጥ መሆን አለበት አልኩ፤ የትኛው በሬ እንደሆነ አልጠየቁኝም። ዛፉ ለዕዳው ይበቃል፣ የሚተርፍ ነገር ግን አይኖርም፣ ክፍያው ከዛሬ ጀምሮ ይቆማል አሉ። ከዚያ በቀይ በተጻፈው ስምህ ትይዩ በጥቁር ቀለም አንድ ቃል ጻፉ። ጣሊያንኛ ስለማውቅ አነበብኩት። ብዕሩን ካስቀመጡ በኋላ ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ። ጣሊያኑ ምን ሆንክ ሲላቸው ወገቤን ነው አሉት።

ስመለስ እትዬ ጌጤ እንስራ አዝለው ከወንዝ ሲወጡ አጥራችን አጠገብ ተገናኘን። የተላጨውን ራሴን አይተው ቆሙ።

«ምነው፣ ወንድምህ ዛሬ ነው እንዴ የሞተው?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ ዛሬ ነው» አልኳቸው።

ሊቆጡ ነበር። ፊቴን አዩና ተዉት። እንስራቸውን አጥሩ ሥር አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፣ ቀድመውኝ ወደ ቤታችን ገቡ።

እስከ ዛሬ ልልህ ያልቻልኩትን አሁን ልበል። ነፍስህን ይማር፣ ወንድም ጋሼ። አፈሩን ያቅልልልህ፤ ጣራ በማያፈስበት፣ ማንም ማስጠንቀቂያ በማይጽፍበት ቤት ያሳርፍህ።

ታናሽ ወንድምህ