እሱ ያውቃል

ለናፈቅሽኝ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? ይህን ደብዳቤ የላክሁልሽን መነጽር አድርገሽ ራስሽ አንብቢው፤ ለሌላ ሰው እንዳታስነብቢው አደራ። እኔ ደህና ነኝ፣ ይህም ደህና ከተባለ።

የእህቴ ባል ሽማግሌ እንደላከና እሷን እሁድ ወደ ቤቷ ልትመልሻት እንዳሰብሽ ጽፈሽልኛል። ከዚያ በፊት የማታውቂውን ልንገርሽ።

እጇን የሰበራት ባሏ እንዳለው ደረጃ አይደለም፣ ያ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የጫጩት መፈልፈያ ሣጥን ነው። ሣጥኑን ደግሞ ቤቷ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

አምና ከውጭ የመጣችው የዶሮ እርባታ ፕሮጀክት ባለሙያ ለሴቶች አቅም ግንባታ ስትመዘግብ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ባልየው በር ላይ ቆሞ፣ ግንባታ ከሆነ ግንበኛው እኔ ነኝ፣ ሲሚንቶው የታለ ብሎ አሳቀን። ባለሙያዋ እህቴን፣ ሣጥኑ በስምሽ ቢሆን ትፈልጊያለሽ ወይ አለቻት። እህቴ እሱን አየት አደረገችና "እሱ ያውቃል" አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ መች አጣሁት። በትክክል ብተረጉመው ግን ከዝርዝሩ ልትወጣ ነው። ስለዚህ ቃል በቃል፣ ባሏ ነገሩን ያውቃል አልኩ። ባለሙያዋ ደስ ብሏት "ባል ተስማምቷል" ብላ ጻፈች። የራሷ የምትለው ነገር እንዲኖራት ብዬ ነበር፣ እማዬ። ውለታ የዋልኩ መስሎኝ ነበር።

ሣጥኑ ስሟ ተለጥፎበት መጣ። ሰፈሩም ቤቱን በእሷ ስም ይጠራው ጀመር።  እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ አንድ ቀን ሲቀራቸው ባሏ ሶኬቱን ነቀለው። ጫጩቶቹ ከውስጥ ድምፅ ማሰማት ጀምረው ነበር። ልታወጣቸው እጇን ስትሰድ ክዳኑን ደረገመባት። ይህን የነገረችኝ ጩኸት ሰምታ የገባችው ጎረቤቷ ናት። ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ምን ሆነሽ ነው ስትያት "እሱ ያውቃል" ብቻ እንደምትልሽ፣ ነገሩን ለፈጣሪ እንደሰጠችው ጽፈሻል። ስለ ፈጣሪ አይደለም የምታወራው። አባዬ በሕይወት ሳለ ጎረቤት ያበጠ ፊትሽን አይቶ ሲጠይቅሽ አንቺም እንዲሁ ትይ ነበር። እኛም ልጆች ስለነበርን ስለ እግዜር የምታወሪ ይመስለን ነበር።

እኔን ይቅር በይኝ፤ እሷን ግን አትመልሻት። ሽማግሌዎቹ እሁድ መጥተው ምን ወሰንሽ ሲሉሽ፣ እሱ ያውቃል እንዳትያቸው። እኔ አውቃለሁ በያቸው።

ወገብሽን ይማርልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ደህናውን እጇን ሳሚልኝ።

አስተርጓሚዋ ልጅሽ