ባለቤት የሌላቸው ቀኖች

ግንቦት ፪፣ ጠዋት

ሆዴ ገና ንፍሮ ነው። ትናንት ልደታ ነበረች፤ ሰፈሩ ሁሉ እህል አዋጥቶ ደጅ ቀቅሎ በላ። ሁሉ ስል ሁሉም አይደለም። ጎረቤታችን አቶ ድንበሩ አንዲት ፍሬ ባቄላ ሳያዋጡ ሦስት ጣሳ በሉ። አይቻለሁ።

ጆሮ፣ ስማኝ። (ጆሮ የምልህ ሽፋንህ ላይ ላለው ባለቆብ ሰውዬ፣ ለጣልያኖቹ አለቃ፣ የአህያ ጆሮ ስለ ሳልኩለት ነው። እማዬ ልብሱን የምታጥብለት ጣልያን ደብተሩን ሲሰጣት ይሄ ይመጣል ብሎ አላሰበም። እሷ ካየች ትገድለኛለች፤ እሱ ካየ ሁለታችንንም።) ት/ቤታችን ወታደር ከሰፈረበት ወዲህ የምጽፈው ላንተ ብቻ ነው። ፊደል ብገድፍ ዝም በል።

ዛሬ አቶ ድንበሩ ቤት ድግስ አለ። እሳቸው ገና አልሰሙም።

ግንቦት ፪፣ ከሰዓት በኋላ

በሩን ዘግቼ ነው የምጽፈው።

ነጠላ ተከናነብኩ። ጎበጥ አልኩ። ድምፄን የአሮጊት አድርጌ ልደታ ቤ/ክ በር ላይ ለተቀመጡት ነዳያን፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አቶ ድንበሩ ቤት የልደታ ዝክር አለ፣ ኑ ቅመሱ ተብላችኋል አልኩ። አሥራ ምናምን ሰው ተነሣ። እኔ ቀድሜ አጥር ሥር ቁጭ። አቶ ድንበሩ በር ከፍተው ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ፊታቸው፣ ጆሮ፣ ያንን ፊት ሳላይ ብሞት ይቆጨኝ ነበር።

ከዚያ ሁለት ካራቢኜሪ፣ የጣልያን ፖሊሶች፣ መጡ። ሰው ተሰብስቦ ሲያዩ ምን እንደሚያደርጉ ማን ያጣዋል? እኔ አላሰብኩትም። በቃ፣ አላሰብኩትም። ዱላ። ሩጫ። ዓይነ ስውሩ አባ ወልዴ ወዴት እንደሚሮጡ ጠፍቷቸው ቦይ ውስጥ ወደቁ። አጥንት ሲሰበር ድምፅ አለው። ነጠላዬ አፌ ውስጥ ነበር፤ ሳቄን ላፍንበት ያስገባሁት።

ግንቦት ፫

ወሬ ለቅሜ መጣሁ። አባ ወልዴን ከቦዩ አውጥቶ፣ አዝሎ፣ ከቤ/ክ አጥር ጀርባ ካለችው ጎጆአቸው ያደረሳቸው ማን ነው? አቶ ድንበሩ። መንገዱን ሙሉ ወገቤን፣ ወገቤን ሲሉ ነበር አሉ፤ ግን አደረሷቸው። ስለ ንፍሮው የጻፍኩትን አልሰርዝም፤ እውነት ነው። ይሄም እውነት ነው።

ወጌሻው እግራቸውን አሽቶ በቀርከሃ አስሯል። ሐምሌ ሳይገባ አይቆሙም ብሏል። አባ ዘመድ የላቸውም። የሚበሉት በር ላይ ተቀምጠው ነው፤ በር ላይ ያልተዘረጋ እጅ ደግሞ ማን ያየዋል። ስለዚህ እስኪቆሙ እኔ ካላበላኋቸው በኔ ቀልድ በረሃብ ይሞታሉ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ግንቦት ፭

የምሳዬን ግማሽ ይዤ ሄድኩ። ማነሽ አሉኝ። በላይነሽ፣ የሰፈር ልጅ ነኝ፣ እናቴ ልካኝ ነው አልኩ። (እማዬ ምንም አታውቅም።) አባ አፍንጫቸውን ቀና አድርገው ትንሽ ቆዩና ፈገግ አሉ። ምግቡ ሸቷቸው ይሆናል።

ውሃ አልቋል አሉ። ልቅዳ ስል የቅርቡ ምንጭ ይመራል፣ ከወንዙ ማዶ ካለው አምጪልኝ አሉ። አመጣሁ። ትከሻዬ አልቋል። ደግሞ ግቢውን ጥረጊልኝ። ጠረግሁ። ቀድሞም ንጹሕ ነበር የመሰለኝ፤ ግን ከዓይነ ስውር ጋር አይከራከሩም።

ግንቦት ፲፬

ሁለት ቀን ቀረሁ። ፲፪ ሚካኤል ነው፤ በር ላይ ያሉት ጓደኞቻቸው ዳቦ ያመጡላቸዋል፣ ለ፲፫ም ይተርፋቸዋል ብዬ። ዛሬ ስገባ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ምነው አባ፣ ሚካኤል አላበላዎትም እንዴ አልኩ።

አበላኝ እንጂ አሉ። በሚካኤል አምስት ዳቦ መጣ፤ ሆዴ ግን አንድ ነው። የቀረውን አይጥ ዘከረችበት። በ፲፫ ማንም ዝር አላለም።

ከዚያ ወሩን በሆዳቸው ቆጠሩልኝ። በ፩ ልደታ፣ ጥጋብ። በ፭ አቦ፣ ደህና ነው። በ፯ ሥላሴ፣ ወጥም አለው። ፰፣ ፱፣ ፲፣ ውሃ። ቅዱስስ በየቀኑ አይጠፋም፣ የሚጠፋው ዘካሪ ነው፤ ባለቤት የሌለው ቀን ብዙ ነው ልጄ አሉ። እየሳቁ ነው የሚሉት። እኔ አልሳቅሁም። ለኔ ይሄ ብርቅ ነው።

እኛስ? እማዬ በልደታ አገልግል ሞልታ ትወስዳለች። በማግስቱ በዚያው በር ስናልፍ ቀና ብለን አናይም። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ስንት ማግስት አለፍኩ?

ሰኔ ፪

ተያዝኩ። እማዬ ምግብ ስትሸሽጊ አየሁሽ፣ ለወንድ ነው አለች። አዎ፣ አልኳት። አያይም፣ ጥርስም የለውም፣ ግን ይወደኛል። በማማሰያ ግቢውን አዞረችኝ።

ሲደክማት ሁሉንም ነገርኳት። የአሮጊቷንም። ማማሰያውን አስቀመጠች። ከዚያ ድስቱን ከፍታ ጨለፈች፤ ምሳሽን ለሁለት አትክፈይ፣ ይሄ ለሳቸው ነው አለች። ይቅርታውን ግን እኔ አልጠይቅልሽም፣ አፍ አለሽ አይደል።

እግዜር ይስጥልኝ እናቴን። ፊት ለፊት አልላትም፤ ትኮራብኛለች።

ሰኔ ፲፩

ዛሬም ሳልናገር ተመለስኩ። ልጀምር ስል ቀልድ ይቀድመኛል።

አቶ ድንበሩን ግን ሄጄ አንኳኳሁ። በግንቦት ያላዋጡትን ባቄላ ልወስድ ነው የመጣሁት አልኩ። አንቺ ባለጌ፣ አሉ። ገቡ። አንድ ቁና ሙሉ ይዘው ወጡ። ልደታ ዕለት የሁሉም ቤት ባቄላ አለ፣ የኔ ምን ይሠራል? በይ ዘርጊ፣ ወገቤን አሞኛል፣ አሉ። ለማን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

ሐምሌ ፪

ሲዘንብ ዋለ። ጎጆዋ ታፈሳለች፤ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሣር ስወትፍ ዋልኩ። የራሰች ድመት መስዬ ወረድኩና ሳላስበው ከአፌ ወጣ። አባ፣ ያቺ ዝክር አለ ያለቻችሁ አሮጊት እኔ ነኝ።

«ገና ዛሬ?» አሉኝ።

ሳሙናው ነው። የጣልያን ሳሙና የምትሸት አሮጊት በዕድሜዬ ገጥማኝ አታውቅም አሉ። ግንቦት ፭ ምሳ ይዤ ስገባ ያው ሽታ አብሮኝ ገባ። ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር፣ ጆሮ። የቅርቡ ምንጭ አይመርም። ግቢውም ንጹሕ ነበር።

ይባስ ብለው ብድግ አሉ። ቆሙ። ወጌሻው ይራመዱ ካላቸው ሳምንት አልፏል። ቅጣትሽን ሳትጨርሺ ምን አስቸኮለኝ አሉ። ቀጥለው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከዳንኩ ትቀሪያለሽ ብዬም ነው አሉ።

ስስቅ፣ ስስቅ፣ አለቀስኩ። እስካሁን ሁሉን ያታለልኩ እኔ ነበርኩ። መታለል እንዲህ ደስ እንደሚል ማን ያውቃል። እሳቸው ሊያባርሩኝ፣ ሊረግሙኝ ይችሉ ነበር። ውሃ አስቀዱኝ። ተመስገን።

ጳጉሜ ፪

አባ በምርኩዝ በር ላይ ተመልሰዋል። ቅጣቴ አለቀ። ነፃ ነኝ፤ ነፃነቱ ግን አልጣመኝም።

ሰው ሁሉ ለዘመን መለወጫ እያስቀመጠ ነው፤ በጳጉሜ የሚሰጥ የለም። ዛሬ በሩ ላይ አሥራ ምናምኑም ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ያኔ በኔ ጥሪ ተነሥተው ዱላ የቀመሱት ናቸው።

እማዬንና አቶ ድንበሩን አጥር ላይ አገናኘኋቸው። ማኅበር እንጠጣ አልኩ። አቶ ድንበሩ ልታስገርፊን ነው ወይ፣ ሰው ሲሰበሰብ አላየሽም አሉ። የኛ ማኅበር አይሰበሰብም አልኳቸው። እያንዳንዱ ቀኑን ይይዛል፣ ብቻውን ይሄዳል። ድግስ የለ፣ ጽዋ የለ። ሰጪ የሌለበትን ቀን ብቻ ነው የምንከፋፈለው። እማዬ ሳቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ ጭንቅላትሽ ለደግ ሠራ አለች።

እኔ ማግስቶችን ወሰድኩ። ፪፣ ፮፣ ፰፣ ፲፫። ዓመቱን ሙሉ፣ ጳጉሜንም ጨምሮ። ምግብ ከሌለኝ ውሃ እቀዳለሁ፣ ጣሪያ እወትፋለሁ። ጻፍልኝ ጆሮ፤ ስክድ ታሳየኛለህ።

መስከረም ፪

ትናንት ዘመን መለወጫም ልደታም ነበር። በሩ ላይ ዳቦ ተከምሯል። እኔ ባዶ እጄን ሄጄ አባን እንኳን አደረስዎ ብዬ መጣሁ።

ዛሬ ያካፋል። ሰፈሩ ተኝቷል። ዶሮ በዝቶብኝ ሆዴ ይጮኻል። ላለመሄድ ምክንያት ሞልቶኛል፣ ሁሉም ያምራሉ። ግን እማዬ ድስቱን በጨርቅ ጠቅልላ በሩ ጋ አስቀምጣዋለች። አቶ ድንበሩ ከአጥር ማዶ፣ አንቺ፣ ዛሬ ፪ አይደለም እንዴ እያሉ ነው። አባ ትናንት ምን አሉኝ መሰለህ? የቅርቡ ምንጭ ክረምቱ ገብቶበት አሁንስ የእውነት መርሯል አሉ።

አላመንኳቸውም። ግን ለማንኛውም ከወንዙ ማዶ ልቅዳ፣ ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል። ሄድኩ፣ ጆሮ።