ሲኒማው ከእንግዲህ አይሰርዝም

ፊልም የማትጠግበው ደባሌ ሲኒማው፣

አንተ ለእናቴ «ዲስኩ ራሱ ተበላሽቶ ነው» አልካት። እኔ የማውቀው ግን፣ ከመሥሪያ ቤትህ ሆነህ ፋይሎቻችንን በጋራ ወደምናስቀምጥበት፣ ሳሎን ወዳለው ሰርቨራችን ገብተህ፣ ለፊልሞችህ ቦታ ስትፈልግ የሟቹን አባቴን የተቀዳ ድምፅ እንደሰረዝክ ነው። ያመነችው አንተን ነው። እኔን «አደራ ብዬ ሰጥቼህ አስበላኸው!» ትለኛለች።

ምሳህ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ። ሳህኑን እጠበው።

ስለ ሰርቨሩ፦ የይለፍ ቃልህን አልነካሁትም፤ እንደ ድሮው ትገባለህ። ግን አዲስ ደንብ ጭኜበታለሁ። ከውጭም ሆነ ከቤት፣ ከኔ በቀር የሚገባ ሰው የራሱን ፎልደር ብቻ ያያል፤ ፋይል ይጨምራል እንጂ አይሰርዝም። የራስህንም ፊልም ቢሆን! «የኔ ነው እኮ» ብትለው አይሰማህም፤ ደንቡ ከፋይሉ ባለቤት በላይ ነው። ቦታህ በገዛ ፊልሞችህ ጢም ብሎ ሲሞላ ቁጭ ብለህ እያቸው። የእጅህን ነው ያገኘኸው።

ሳታውቅ እንደሰረዝከው አምናለሁ። የማልምርህ ውሸቱን ነው።

እህትህ ትናንት በስልክ «እባክህ ወንድምዬ፣ መሰረዙን ክፈትለት» ስትለኝ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮክ ብዬ የመለስኩላትን ላንተም ልጻፍልህ፦

«እናቴ ፊት ቁጭ ብሎ ‹እኔ ነኝ የሰረዝኩት› እስኪላት ድረስ አልከፍትለትም!»